አውተር ባንክስ ላይ አንድ ሳምንት፦ አራት ቤተሰብ፣ ፍልሰታ፣ አንድ ኩሽና። የሄዳችሁ ምከሩኝ

ባለሚኒቫኑ | ማርች 2፣ 2025

ሰላም ለዚህ ቤት። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዘንድሮ እኔ ከነቤተሰቤ፣ ሁለቱ እህቶቼ ከነባሎቻቸውና ልጆቻቸው፣ የባለቤቴም ወንድም ከነቤተሰቡ ሆነን ባሕር ዳር ቤት ተከራይተን አንድ ሳምንት እንሰንብት ተባብለናል። እናቴን ጨምሮ 17 ነን፣ ስምንቱ ልጆች ናቸው።

ሆቴሉን አምና ኦሽን ሲቲ ላይ ሞክረነዋል። ልጆቹ በየኮሪደሩ ሲራወጡ ጎረቤት እያማረረ፣ እኛም ማታ ማታ ፒዛ እያዘዝን ሦስት ቀን ቆየን። እናቴ በሙዝና በዳቦ ነው የከረመችው። ኩሽና ያለው ቤት ይሁን የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው፣ ሰው ሁሉ ደግሞ ሰሜን ካሮላይና ያለውን የባሕር ዳርቻ፣ አውተር ባንክስን ይላል።

ችግሩ የሁላችንም ፈቃድ የገጠመው ከኦገስት 16 እስከ 23 ብቻ ነው። ፍልሰታ ላይ ማለት ነው። እናቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ እንጾማለን። የባለቤቴ ወንድም ቤት አይጾሙም። ልጆቹ እንደየቤታቸው ናቸው። በአንድ ኩሽና እንዴት እንሆናለን? እንጀራ ይዘን እንሂድ ወይስ እዚያው እንጋግር? ቡና ማፍላትስ ይፈቅዳሉ? ወጪውን በቤተሰብ ነው በነፍስ ወከፍ የምትካፈሉት? እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። የምታውቁ ሳትሰስቱ ንገሩኝ።

ሁለተኛ ረድፍ | ማርች 2፣ 2025

እኛ ስድስት ሰመር ሄደናል፣ የማውቀውን ልንገርህ።

በሰመር እንደ ሆቴል ሁለት ቀን ሦስት ቀን ብሎ ነገር እምብዛም አታገኝም። ቤቱ የሚከራየው በሳምንት ነው፣ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ወይም ከእሑድ እስከ እሑድ። ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 4 ሰዓት ትገባለህ፣ በሳምንቱ ጠዋት 10 ሰዓት ላይ ትወጣለህ። በፈረንጅ ቆጥሬ ነው። አክስቴ አንድ ጊዜ በሐበሻ ቆጥራ «አራት ሰዓት ነው ያላችሁኝ» ብላ ገና በጠዋቱ ደርሳ ዕቃዋን ይዛ መኪና ውስጥ ውላለች።

መጀመሪያ ድረ ገጹ ላይ የምታየውን ዋጋ እንዳታምነው። አውተር ባንክስ ያለበት ዴር ካውንቲ ውስጥ የሽያጭና የማደሪያ ታክሱ ተደምሮ 12.75 በመቶ ይመጣል። ገንዳው እንዲሞቅ ከፈለግህ ሌላ ክፍያ፣ ውሻ ካለህ ሌላ ክፍያ። አንሶላና ፎጣ ደግሞ ብዙ ቤት አይሰጡህም፣ ወይ ትከራያለህ ወይ ተሸክመህ ትሄዳለህ። ለ17 ሰው አንሶላ ማለት ግማሽ ሚኒቫን ነው።

የቤቱ ዋጋ የሚወሰነው በረድፍ ነው። ባሕሩ አፍንጫ ላይ ያለው በጣም ውድ ነው። ከእሱ ኋላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ደቂቃ ተራምደህ ትደርሳለህ፣ ዋጋው ግን በደንብ ይቀንሳል። ስሜን ከየት እንዳመጣሁት ገባህ። የአሸዋው መሬት በጣም ቀጭን ስለሆነ በአንድ በኩል አትላንቲክ፣ በሌላው በኩል እነሱ ሳውንድ የሚሉት የተኛ ውሃ አለልህ። ትንንሽ ልጆች ካሉ ሳውንዱን አትናቁት፣ ብዙው ቦታ ጉልበት አያልፍም።

ለእናትህ ግን አንድ ነገር ቀድመህ ጠይቅ። እዚያ ያሉት ቤቶች ተገልብጠው የተሠሩ ናቸው፣ መኝታው ታች ነው፣ ሳሎኑና ኩሽናው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፣ ባሕሩ እንዲታይ። ከኮስኮ የገዛኸውን ሁሉ ሦስት ፎቅ ትሸከማለህ። አንዳንዱ ቤት አሳንሰር አለው፣ ፈልገህ ያዝ።

ሰኞ ማክሰኞ | ማርች 2፣ 2025

ከሚስትህ ወንድም ጋር ሳምንት ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር? ጽናቱን ይስጥህ።

ቡና ቁርስ | ማርች 3፣ 2025

ስለ ቡናው እኔ ልመስክር። በ2023 እዚያው ናግስ ሄድ የሚባል ከተማ ነበርን። እትዬ ላይኛው ፎቅ ኩሽና ውስጥ ቡናውን ቆልታ ሽታውን ልታስሸትተን ከነመቁያው ዞር ዞር ስትል ጣሪያው ላይ ያለው ጭስ ጠቋሚ ጮኸ። አንዱ ብቻ ቢሆን እንደ ቤታችን በፎጣ እያራገብን ባስቆምነው። የዚያ ቤት ግን እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፣ አንዱ ሲጮኽ በየመኝታ ቤቱ ያሉት ሁሉ ተቀባበሉት። ሕፃናቱ በአንድ ጊዜ ነቁ። ሁለተኛው ቡና ሳይደርስ ጎረቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

እሱስ ይሁን። ከተመለስን በኋላ ከማስያዣችን ላይ «ለጭስ ሽታ ማጽጃ» ተብሎ 250 ዶላር ተቆረጠ። ከመካከላችን ሲጋራ የሚያጨስ የለም ብለን ተከራከርን። ፎቶ ላኩልን። የእጣኑን ማጨሻ ረስተነው ኖሯል፣ ከነአመዱ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሏል።

ስለዚህ ቤትህ ቆልተህ ሂድ፣ አፍላው ግን እዚያ። መቁላቱ የግድ ነው የሚል ካለ ታች ግቢ ውስጥ ያለው የባርቤኪው ምድጃ ላይ ይቁላው። በረንዳ ላይ ከሰል ማንደድ አይፈቅዱም፣ ደግሞ እውነት አላቸው፣ ቤቱ ሁሉ እንጨት ነው፣ ነፋሱም አይጣል።

የደሴ ልጅ | ማርች 3፣ 2025

እኛ ስንሄድ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለን፣ ስለዚህ አንድ ኩሽና ለሁለት መካፈሉን ለምደነዋል። ሥጋችንን ከዚሁ ከሐላል ቤት ገዝተን፣ በየቀኑ ልክ አሽገን፣ አቀዝቅዘን ነው የምንወስደው፣ መንገድ ላይ በረዶ ሆኖ ያገለግላል። ድስትና ማማሰያ የየራሳችንን ይዘን እንሄዳለን። የዚያ ቤት መጥበሻ ላይ ማን ምን እንደጠበሰበት አይታወቅም፣ የአሳማ ሥጋ የማይጠብስ ቤት እዚያ የለም። ለጾመኛም ይኸው ይሠራል፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማማሰያ፣ የፍሪጁን ላይኛ መደርደሪያ ለጾሙ ልቀቁለት።

እንጀራው እዚህ ተገዝቶ ይሂድ። ባሕር ዳር እርጥበቱ ሌላ ነው፣ ውጭ ከተውከው በሁለት ቀኑ ይሻግታል። የሁለት ቀኑን ፍሪጅ፣ የቀረውን በአሥር በአሥር ለይተህ ፍሪዘር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዘን ሄደን ከማይክሮዌቩ ጋር እኩል ስንሰካው የኩሽናው መብራት ሄደብን። ቆጣሪው ያለበትን ስንፈልግ ሊጡ ኮመጠጠ።

አረፍኩ ወይ | ማርች 4፣ 2025

ይቅርታ ይደረግልኝና እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ አንድ ነገር አጣሁበት። የሚያበስለው ማን ነው?

ድስት ይዛችሁ ሂዱ፣ ሥጋ አሽጉ፣ ሁለት ማማሰያ ለዩ። ማን ነው የሚለየው? አምና እዚያው ዳክ የሚባል ከተማ ለ19 ሰው ሰባት ቀን እኔና ዋርሳዬ አበሰልን። ቁርሱ ሲነሳ ምሳ፣ ምሳው ሲነሳ ልጆቹ ከውሃ ወጥተው «ራበን»፣ ከዚያ እራት። እቃ ማጠቢያው ማሽን በቀን አራት ጊዜ ይዞራል፣ እኔ ነኝ የማዞረው። ኩሽናው ላይኛው ፎቅ ስለሆነ ባሕሩ በመስኮት ይታየኛል፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ። እግሬን ውሃ ውስጥ ያስገባሁት ሁለት ቀን ነው። ቤት ስንመለስ አማቼ «አረፋችሁ አይደል?» አሉኝ።

ሆቴል ቢሆን ቢያንስ ማንም ሰው ፊቴን አይቶ «እራት ምንድን ነው?» አይለኝም ነበር። ኩሽና ያለው ቤት ይሻላል የምትሉት ለማን እንደሚሻል ለዩልኝ። ወጪው በነፍስ ወከፍ ነው በቤተሰብ ብሎ የጠየቀው ወንድማችን ሥራውስ እንዴት ይካፈላል ብሎ ቢጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ጋቢ ለባሹ | ማርች 4፣ 2025

እህቴ ትንሽ አጋነንሽው። እኛ ወንዶቹ ግሪሉን እንይዛለን እኮ።

አረፍኩ ወይ | ማርች 4፣ 2025

ሥጋውን ማን ዘፈዘፈው? ሰላጣውን ማን ከተፈው? ግሪሉን ማን አጠበው? አንተ የያዝከው ቢራህን ነው ወንድሜ።

ሰኞ ማክሰኞ | ማርች 4፣ 2025

ጋቢ ለባሹ፣ ጋቢህን ተከናንበህ ተቀመጥ።

ባለሚኒቫኑ | ማርች 4፣ 2025

ይህን ክር ባለቤቴ አነበበችው። ስልኬን የመለሰችልኝ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ምንም አላለችም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ።

ጥቁር አዝሙድ | ማርች 5፣ 2025

ባሕር ዳር ሆኖ ጾም ምን ችግር አለው፣ ዓሣ አለላችሁ አይደል።

የቅዳሴ ሰዓት | ማርች 5፣ 2025

ዓሣ በጾም አይበላም ወንድሜ። ይበላል የሚለውን ያመጣነው እኛ ነን። ያገር ቤቱን የረቡዕና የዓርብ ዓሣ ቤት ሰልፍ አይተህ ሥርዓት እንዳይመስልህ።

ጥቁር አዝሙድ | ማርች 5፣ 2025

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትበላ አውቃለሁ። እሷን ማን ነው ኃጢአተኛ የሚላት?

የቅዳሴ ሰዓት | ማርች 5፣ 2025

ኃጢአተኛ ያለ የለም። የንስሐ አባትህን ጠይቅ ነው ያልኩት። እዚያ የሚሸጠው ደግሞ ይበልጡን ሸርጣንና ሽሪምፕ ነው፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ከጾም ውጭስ ቢሆን ማን ይበላዋል።

ሰኞ ማክሰኞ | ማርች 5፣ 2025

የእኔ ልጆች። በኪሎ።

አወያይ | ማርች 5፣ 2025

የዓሣው ጉዳይ በዚህ ያብቃ። ክሩ ስለ ቤት ነው።

ጋሽ መንገድ | ማርች 7፣ 2025

ልጆቼ፣ እኔ ታክሲ ነጅቼ ያረጀሁ ሰው ነኝና ስለ መንገዱ ልበላችሁ። ከአሌክሳንድሪያ ጂፒኤሱ አምስት ሰዓት ግድም ይላችኋል። ቅዳሜ ግን ከኛ አካባቢ የተነሳ ሁሉ ወደዚያው ነው፣ 95 አውራ ጎዳና ላይ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ 64 ላይ ሃምፕተን ሮድስ ባሕሩ ሥር የሚገባው ዋሻ አፍ ላይ ሌላ ጊዜ ትቆማላችሁ። ከዋሻው በፊት ሽንት ቤት ግቡ፣ ያላችሁ ሕፃን ብቻ አይደለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ በኛ ቆጠራ ነው የምለው፣ ተነሱና ቁልፍ እስኪሰጧችሁ እዚያው ዳርቻው ላይ ዋሉ። ቼሳፒክ ላይ ያለው የክፍያ መንገድ በሰመር ቅዳሜና እሑድ ዋጋው ይጨምራል፣ መኪና ላይ የሚለጠፈውን መክፈያ፣ ኢዚ ፓሳችሁን አትርሱ።

አሁን ዋናው። እኛ አብዛኞቻችን ዋና ሳንማር ያደግን ሰዎች ነን፣ ልጆቻችን ገንዳ ውስጥ ተምረው የሚችሉ ይመስላቸዋል። የዚያ ባሕር ውሃ ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት አለው፣ ሪፕ ከረንት የሚሉት። ላይ ላዩን ሲያዩት የተረጋጋ መንገድ ይመስላል፣ ማዕበሉ እዚያ ጋ አይሰበርምና። የያዘው ሰው ወደ ዳር ፊት ለፊት ሊታገል ሲል ነው ደክሞ የሚሰምጠው። ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ይዋኝ፣ ካቃተው ይንሳፈፍና እጁን ያውለብልብ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ደግሞ ክርክር የለም፣ ጉልበት ድረስም አይገባም። ነፍስ አድን ጠባቂ ያለበትን ዳርቻ መርጣችሁ ተቀመጡ። ልጆች አሸዋ ውስጥ ጠልቆ የሚሄድ ጉድጓድም አይቆፍሩ፣ ይናዳል፣ ሰው የሞተበት ነው።

ባለሚኒቫኑ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ።

ባለሚኒቫኑ | ማርች 7፣ 2025

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እነግራታለሁ።

ባለሚኒቫኑ | ማርች 23፣ 2025

ቤት አገኘን። ኪል ዴቪል ሂልስ የሚባል ከተማ፣ ሁለተኛ ረድፍ፣ ሰባት መኝታ፣ አሳንሰር የለውም ግን መሐለኛው ፎቅ ላይ መኝታ አለ። ለእናቴ የከተማውን ስም ስተረጉምላት፣ ሰይጣን ግደል ኮረብታ ስላት፣ «ለፍልሰታ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል» ብላ ተቀበለችው።

ኪራዩ 6,400፣ ታክሱ 816፣ ድምሩ 7,216 ዶላር። በዚህ ላይ የጉዞ ኢንሹራንስ 480 ይላሉ። ልተወው?

ከአቮን ባሻገር | ማርች 23፣ 2025

ተወው። ስምንት ዓመት ሃተራስ ደሴት ላይ ተከራይቻለሁ፣ አንድም ቀን ውጡ አላሉኝም። ገንዘባቸውን መሰብሰቢያ ነው።

ሁለተኛ ረድፍ | ማርች 24፣ 2025

እንዳትተወው። የአውሎ ነፋስ ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ አንተ የምትሄደው የሚበረታበት ሰሞን ላይ ነው። የሰሜን ካሮላይና የእረፍት ቤት ኪራይ ሕግ እንዲህ ነው የሚለው፦ መንግሥት በግዴታ ውጡ ካለ ትወጣለህ፣ ላልቆየህባቸው ሌሊቶች ገንዘብህ ሊመለስልህ ይገባል። ነገር ግን አከራዩ ይህን የሚሸፍን ኢንሹራንስ አቅርቦልህ እንቢ ካልክ ያ መብት ይቀርብሃል። የኢንሹራንሱንም ዋጋ ሕጉ ወስኖታል፣ ከኪራዩ 8 በመቶ ማለፍ አይችልም። የአንተ ሲሰላ ከዚያ በታች ነው። የቃሉን ልዩነት ግን አንብብ፣ የሚሸፍነው ውጡ ስትባል ነው እንጂ ዝናብ ዘንቦ ባሕሩ ሲከፋ አይደለም።

ባለሚኒቫኑ | ማርች 25፣ 2025

ከፈልነው። 7,696 ሆነ። አካፋፈሉንም ጨረስን፣ አዋቂ አንድ ድርሻ፣ ልጅ ግማሽ፣ እናታችን ከሒሳብ ውጭ። 12 ድርሻ፣ ለአንዱ 641 ዶላር። እስከ ጁላይ በየወሩ እንደ ዕቁብ ታላቅ እህቴ ትሰበስባለች። የባለቤቴ ወንድም «ዕጣው መቼ ነው የሚወጣው» ብሎ ጠየቀ።

ባለቤቴ ሰማችና ዕጣ አወጣች። የኩሽና ዕጣ። አዋቂ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ በቀን ሁለት ሰው። እናቴ ብቻ ነፃ።

አረፍኩ ወይ | ማርች 25፣ 2025

ስሟን ባውቀው ጸሎት አደርስላት ነበር።

ከአቮን ባሻገር | ኦገስት 17፣ 2025

እንዲህ ነው እንግዲህ። ትናንት ገባን፣ ዛሬ ሃተራስ ደሴት ላይ ያለ እንግዳ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይውጣ ተባለ። ኤሪን የምትባል አውሎ ነፋስ። ዳርቻውን አትነካም፣ በሩቁ ነው የምታልፈው እያሉ ነው፣ ማዕበሉ ግን መንገዱን ይቆርጠዋል አሉ። ሻንጣ ገና አልፈታንም።

ኢንሹራንሱን አትጠይቁኝ።

ሰኞ ማክሰኞ | ኦገስት 17፣ 2025

አንጠይቅህም። አይዞህ።

ባለሚኒቫኑ | ኦገስት 17፣ 2025

ወንድሜ እኛ ከአንተ በላይ ወደ ሰሜን ነን፣ እኛን ውጡ አላሉንም። ነገ ስታልፍ ጎራ በልና ምሳ ብላ፣ የነገ ዕጣ የእህቴ ባል ስለሆነ ግን ጣዕሙን ዋስ አልሆንም። አድራሻውን በውስጥ ልኬልሃለሁ።

ባለሚኒቫኑ | ኦገስት 20፣ 2025

ቀይ ባንዲራ። ባሕሩ ነጭ ሆኖ ይፈላል። ታች መኝታ ቤት ተኝተን ድምፁ ይሰማናል። ሃተራስ ላይ ሃይዌይ 12 ውሃ ገብቶበታል ይላሉ። ልጆቹ መስኮት ላይ ተደርድረዋል፣ 7,696 ዶላር ከፍለን ባሕር በመስታወት እያየን ነው።

ጋሽ መንገድ | ኦገስት 20፣ 2025

በመስታወት ይታይ። ባሕሩ የትም አይሄድም።

ባለሚኒቫኑ | ኦገስት 25፣ 2025

ተመለስን። ቃል በገባሁት መሠረት ሪፖርት።

እሑድ ዕለት ልጆቹ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ከሰኞ በኋላ አትላንቲክን አልነካነውም። ሁለት ቀን ወደ ሳውንዱ ወሰድናቸው፣ ሁለተኛ ረድፍ እውነቷን ነው፣ ከነነፋሱም ቢሆን ለትንንሾቹ ይመቻል። ከቤታችን ቅርብ የራይት ወንድማማቾች መታሰቢያ አለ፣ ዲሴምበር 17፣ 1903 የበረሩበት ሜዳ። አራቱ በረራዎች ያረፉባቸው ቦታዎች በድንጋይ ተለይተዋል። የመጀመሪያው 12 ሰከንድ፣ 120 ጫማ ነው፣ የስድስት ዓመቷ ልጄ በእግሯ ሮጣ ጨረሰችው። የመጨረሻው 852 ጫማ ነው፣ የባለቤቴ ወንድም ከእሷ ጋር እሽቅድምድም ገጥሞ መሐል ላይ ተቀመጠ።

ከአቮን የመጣው ወንድማችን ሰኞ ከነቤተሰቡ ምሳ በላ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየሁት፣ በዚህ ክር ብቻ ነበር የምንተዋወቀው። አምስት ሰው ጨምሮ 22 ሆንን። ሽሮው ጓጉሎ ነበር፣ በጨዋነት በሉት።

ስለ ኩሽናው እውነቱን ልናገር። ዕጣው ሠርቷል። የባለቤቴ ወንድም የማይጾም ሆኖ ሳለ የማክሰኞን የጾም ምሳ እሱ ሠራ፣ ምስር። ዩቲዩብ እያየ፣ ሽንኩርቱን በዘይት ብቻ አቁላልቶ። ቅቤ ጠብ አላደረገበትም፣ እናቴ ማማሰያውን አሽትታ ነው የፈረደችው። በየቀኑ የተከበረው ሕግ የደሴ ልጅ ያለው ነው፣ የፍሪጁ ላይኛ መደርደሪያ። አንድ ቀን አይብ እዚያ ተገኝቶ የቤተሰብ ጉባኤ ተጠራ።

ያላሰብነው እናቴን ነው። መሐለኛው ፎቅ ላይ አስተኝተን፣ ላይ በዝግታ አውጥተን፣ መስኮቱ ጋ ወንበር አድርገን «አንቺ እረፊ» አልናት። ዝዋይ ነው ያደገችው። ረቡዕ ጠዋት ፔሊካኖቹ በመስመር ሆነው ከማዕበሉ በላይ ሲያልፉ አይታ «ይብራ!» ብላ ጮኸች፣ ከዚያ በኋላ ስትቆጥራቸው ዋለች። ዓርብ ሌሊት ግን ለውሃ ብነሳ የኩሽናው መብራት በርቷል። ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ለቅዳሜው ዶሮ፣ የፍስክ ነውና። ዕጣው የእኔና የታናሽ እህቴ ነበር። «እማዬ፣ ምን ተባባልን?» ስላት «እጄን አስራችሁ ባሕር ብታሳዩኝ ምን ያደርግልኛል» አለችኝ። ቢላ አነሳሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ከተፍን። ስለ አባቴ ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችኝ፣ እዚህ አልጽፈውም።

ቅዳሜ ጠዋት ሳንወጣ ዶሮውን በላን። ነፋሱ በርዶ ስለነበር ቡናው በረንዳ ላይ ፈላ፣ ቆልተን ነው የወሰድነው፣ አንድም ጠቋሚ አልጮኸም።

የደሴ ልጅ | ኦገስት 25፣ 2025

አይቡን ማን ነው ያስቀመጠው?

ባለሚኒቫኑ | ኦገስት 25፣ 2025

ጉባኤው አላጣራም።

ከአቮን ባሻገር | ኦገስት 25፣ 2025

ሽሮው አልጓጎለም፣ እግዜር ይስጥልን። አምስት ሌሊት ከስሮ ለሄደ ሰው ያ ምሳ ምን እንደሆነ እናንተ አታውቁትም። አከራያችን በሕጉ መሠረት የሚመለስ የለም ብሎ ጽፎልናል፣ ሁለተኛ ረድፍ ያለችው ቃል በቃል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ኢንሹራንስም እገዛለሁ፣ ሃተራስንም አልተውም።

ሁለተኛ ረድፍ | ኦገስት 25፣ 2025

አለመተውስ መልካም፣ ግን ወደ ሮዳንቴ በኩል ባሕሩ ሥር ያለውን ቤት አትያዝ። ከ2020 ወዲህ ከአሥር በላይ ቤቶች ውሃው ወስዷቸዋል።

ቡና ቁርስ | ኦገስት 26፣ 2025

ማስያዣው በሰላም ተመለሰ?

ባለሚኒቫኑ | ኦገስት 26፣ 2025

ሙሉው። ግን ዛሬ ኢሜይል ላኩልን፣ «ጥቁር የሸክላ የአበባ ማስቀመጫ፣ እጀታና ክዳን ያለው፣ በረንዳ ላይ ተገኝቷል» ይላል። ማስላኪያው 38 ዶላር ነው።

ሰኞ ማክሰኞ | ኦገስት 26፣ 2025

አበባ ጨምረው ይላኩት በላቸው።

አረፍኩ ወይ | ኦገስት 26፣ 2025

ሁሉንም አነበብኩ፣ ደስ ብሎኛል። የዕጣዋ ባለቤት ግን አልተሰማችም። ባሕሩን ስንት ጊዜ አየችው?

ባለሚኒቫኑ | ኦገስት 27፣ 2025

ባለቤቱ ነኝ፣ በእሱ ስልክ ነው የምጽፈው።

እህቴ ሆይ፣ ስላሰብሽኝ አመሰግናለሁ። ማብሰሉን ተካፍለናል፣ አልዋሽም። ሰባት ቀን ውስጥ ኩሽና የገባሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ በትዳሬ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ዕጣ ያልወጣለት ሌላው ነው። ዘይት አልቋል፣ የሕፃኑ ወተት ለነገ አይበቃም፣ ፍሪዘር ያለው እንጀራ ማታ ካልወጣ ለቁርስ አይደርስም፣ ማን ነው ለውዝ የማይስማማው። ተራ የደረሰው ሁሉ መጥቶ የሚጠይቀው እኔን ነበር። ዳርቻው ላይ ተኝቼ ስልኬ ይጮኻል፣ «በርበሬው የት ነው?» በሚቀጥለው ዓመት ዕጣው ላይ ሦስተኛ ስም ይጨመራል፣ ምንም የማያበስል፣ የሚያስብ ብቻ። ወንድሜን ለዚያ አጭቼዋለሁ።

ባሕሩን አሥራ አንድ ጊዜ ወርጄ አየሁት፣ ቆጥሬያለሁ። ቀይ ባንዲራ እያለም ዳር ቆሜ አይቻለሁ።

ጀበናውን የረሳሁት እኔ አይደለሁም። የቅዳሜ ጠዋት ዕቃ ማሸግ የእሱ ዕጣ ነበር።